የመጀመሪያውን የእንጨት ሸራ መርከብ ሞዴል መምረጥ፦ አሠራር፣ መርከብ፣ ስኬልና እንጨት ሲነጻጸሩ

የእንጨት ሸራ መርከብ ሞዴል ለመሥራት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምርጫውን የሚጀምረው ሣጥኑ ላይ ካለው ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ የሚያሳየው ግን ያለቀውን ሥራ ብቻ ነው፤ ሥራው ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ፣ የትኛው ክፍል ትዕግሥትን እንደሚፈታተን፣ ያለቀው ሞዴልስ ቤት ውስጥ የት እንደሚቀመጥ አይናገርም። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ንጽጽር ስለዚህ ከመልክ ሳይሆን ከአሠራር ይነሣል። የመጀመሪያው ሞዴል መመረጥ ያለበት በመርከቡ ዝና ሳይሆን ሠሪው ሊጨርሰው በሚችለው የገመድና የተደጋጋሚ ሥራ መጠን ነው ብዬ አምናለሁ። ጀማሪን አስቀድሞ የሚያስፈራው የመርከቡን አካል በጣውላ ማልበስ ነው፤ ሥራውን ከመንገድ የሚያስቀረው ግን ብዙውን ጊዜ እሱ አይደለም። የሚያስቀረው አንድ ዓይነት ትንሽ ነገር መቶና ሁለት መቶ ጊዜ ደጋግሞ መሥራት ነው።

የመርከቡ አካል በሦስት መንገድ ይሠራል

የመጀመሪያው መንገድ አካሉን ከአንድ ወፍራም እንጨት መቅረጽ ነው። እንደዚህ ባለ ኪት (የሞዴሉ ክፍሎች ተዘጋጅተው በሣጥን የሚሸጡበት) ውስጥ እንጨቱ በማሽን ግማሽ ቅርጽ ይዞ ይመጣል፤ ሠሪው ከንድፉ ላይ የካርቶን ቅርጽ ማውጫዎችን ቆርጦ፣ በየቦታው እየለካ፣ በመሮና በብርጭቆ ወረቀት ይጨርሰዋል። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ መሣሪያም ብዙ አይጠይቅም። የእውነተኛው መርከብ ርዝመት በ96 ወይም ከዚያ በላይ በሚካፈልባቸው ትናንሽ ሞዴሎች ላይ ዛሬም ጥሩ ምርጫ ነው። ድክመቱ ጣውላ ማልበስን አለማስተማሩ ነው፤ ከዚህ ሞዴል በኋላ ወደ ሌላ የሚሸጋገር ሰው ዋናውን ሙያ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ሁለተኛው መንገድ ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ ኪቶች የሚከተሉት ነው። በመርከቡ ርዝመት ልክ የተቆረጠ አንድ ኮምፔርሳቶ እንደ አከርካሪ ይቆማል፤ በላዩ ላይ በተበጁት ክፍተቶች የመርከቡን ቅርጽ የሚሰጡ ተሻጋሪ ሳንቃዎች ይሰካሉ፤ ከዚያ ቀጫጭን ጣውላዎች ከፊት ወደ ኋላ በሳንቃዎቹ ጠርዝ ላይ ይለጠፋሉ። በዚህ መንገድ ውስጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ምርጫ አለ፤ ይኸውም አንድ ንብርብር ወይስ ሁለት ንብርብር የሚለው ነው።

ሁለት ንብርብር ባለው ኪት መጀመሪያ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ለስላሳ እንጨት ይለበሳል፤ የተፈጠሩት ክፍተቶች በሙሌት ይደፈናሉ፤ አካሉ በሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፤ ከዚያም ግማሽ ወይም አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዋልነት ወይም ሌላ ያማረ እንጨት በላዩ ይለጠፋል። የመጀመሪያው ንብርብር ላይ የተሠራ ስሕተት ስለሚሸፈን ይህ አሠራር ለጀማሪ የተመቸ ነው። ባለ አንድ ንብርብሩ ግን ምንም አይሸፍንም። እያንዳንዱ ጣውላ ከጎረቤቱ ጋር ሳይላላና ሳይደራረብ እንዲገጥም መጥበብና መታጠፍ አለበት። በምትኩ እንጨትም ጊዜም ይቆጥባል፤ እጅንም በፍጥነት ያሠለጥናል።

በሁለቱም ዘንድ የማይታለፍ ነገር ጣውላው ፊት ላይ መጥበቡ ነው። የመርከብ አካል መሐሉ ሰፊ፣ አፍንጫው ጠባብ ስለሆነ፣ ወርዱ ያልተቀነሰ ጣውላ ወደ ፊት ሲደርስ በጎረቤቱ ላይ ይወጣል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በመካከለኛው ሳንቃ ላይ ከላይ እስከ ታች ያለው ርቀት 100 ሚሊ ሜትር፣ የጣውላው ወርድ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን 20 ጣውላ ያስፈልጋል፤ አፍንጫው ላይ ያለው ርቀት 60 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደግሞ እነዚያው 20 ጣውላዎች እዚያ ሲደርሱ እያንዳንዳቸው 3 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ይህን ልኬት ከመለጠፉ በፊት በእርሳስ በየሳንቃው ላይ ያሰፈረ ሰው የሥራውን ከባድ ክፍል አልፎታል። ከዚህ በፊትም የሳንቃዎቹ ጠርዝ ጣውላው በሚታጠፍበት አቅጣጫ መሞረድ አለበት፤ ሳይሞረዱ ከቀሩ ጣውላው በአንድ ስስ ጠርዝ ብቻ ስለሚይዝ ላዩ ወጣ ገባ ይሆናል። የማጠፉም ሥራ ሁለት መንገድ አለው። በሞቀ ውኃ የተነከረ ጣውላ በቀላሉ ይታጠፋል፤ ነገር ግን ሲደርቅ ስለሚኮማተር በሚገባ ሳይደርቅ መለጠፍ የለበትም። በፀጉር ማድረቂያ ወይም በሌላ ደረቅ ሙቀት የሚታጠፈው ቅርጹን ቶሎ ይይዛል፤ በተለይ ጣውላውን በወርዱ ለማጠፍ ይህኛው ይመረጣል።

ሦስተኛው መንገድ የእውነተኛውን መርከብ አሠራር መከተል ነው፤ እያንዳንዱ የጎድን አጥንት ከብዙ ቁራጭ ተገጣጥሞ ተሠርቶ በተራው ይቆማል። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለእንግሊዝ የባሕር ኃይል ቦርድ የተሠሩት ዝነኛ ሞዴሎች የዚህ ዓይነት ናቸው፤ የታችኛው አካላቸው ሆነ ተብሎ ሳይለበስ ስለተተወ የጎድን አጥንቶቻቸው ይታያሉ። ብዙዎቹ ለንደን ግሪኒች ያለው የባሕር ሙዚየም ስብስብ ናቸው። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንባቢ ደግሞ አናፖሊስ በሚገኘው የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ሙዚየም ውስጥ በሮጀርስ ስብስብ ሊያያቸው ይችላል፤ ኪት ከመግዛት በፊት አንድ ቅዳሜ ለዚህ ቢሰጥ ከማንኛውም ፎቶግራፍ ይበልጣል። አሠራሩ ግን ለመጀመሪያ ሥራ አይሆንም።

የትኛው መርከብ?

ከሁሉ በላይ የሚፈለገው የእንግሊዙ የጦር መርከብ «ቪክቶሪ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1765 ቻተም ውስጥ ውኃ ላይ የወረደው፣ በ1805 በትራፋልጋር ጦርነት የአድሚራል ኔልሰን መርከብ የነበረው፣ ዛሬም ፖርትስመዝ ላይ የሚጎበኘው ይህ መርከብ በትራፋልጋር 104 መድፎች ነበሩት። ሞዴሉን የሚሠራ ሰው ይህን ቁጥር እንደ ታሪክ ብቻ ሳይሆን እንደ ሥራ ዝርዝር ሊያነበው ይገባል። የሚታይ መድፍ ሁሉ ጋሪ፣ መንኮራኩርና ማሰሪያ ገመድ አለው። የገመድ መሰላሎቹ ደግሞ የባሰ ናቸው፤ አንድ መሰላል 8 ቋሚ ገመድና 30 አግድም ደረጃ ቢኖረው 240 ቋጠሮ ይሆናል። ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ ደግሞ እንዲህ ያለውን መሰላል በግራና በቀኝ፣ ከታችና ከላይ ይይዛል። ከጥቂት ቀላል ሞዴሎች በኋላ ሲመጣ ይህ ሁሉ ደስታ ነው፤ መጀመሪያ ሲመጣ ግን ሣጥኑን መደርደሪያ ላይ ያስቀረዋል። በስቶክሆልም የሚገኘው የስዊድን የጦር መርከብ «ቫሳ» እ.ኤ.አ. በ1628 በመጀመሪያ ጉዞው ሰጥሞ በ1961 የወጣ ነው፤ በእሱ ላይ ከመድፉ በተጨማሪ ብዙ ቅርጻ ቅርጽ ስላለ ምክሬ አይለወጥም።

የቪክቶሪን ዘመንና ግርማ የሚወድ ሰው ወደ አነስተኛዎቹ የጦር ጀልባዎች ቢመለከት ይሻላል። እ.ኤ.አ. የ1763ቱ «ሸርበርን» አንድ ምሰሶ ያለው ፈጣን የጥበቃ ጀልባ ሲሆን ካልደርክራፍት የተባለው የብሪታንያ አምራች በ1፡64 ስኬል (ማለትም ከእውነተኛው 64 ጊዜ አንሶ) ያቀርበዋል። በዚህ ሞዴል ላይ ጣውላ ማልበስም፣ መድፍም፣ አግድም የሸራ እንጨትም፣ የገመድ መሰላልም አለ፤ ግን ሁሉም በጥቂት ቁጥር ነው። አንድ ሰው የጦር መርከብን ሙያ በሙሉ ከዚህ ትንሽ አካል ላይ ሊማር ይችላል። በእኔ ሚዛን ለዚህ ዓይነቱ አንባቢ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

ገመድ መቋጠር የማይማርከው ሰው የ«ብሉኖዝ»ን መንገድ ይመልከት። ብሉኖዝ በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ፣ ሉንንበርግ ላይ እ.ኤ.አ. በ1921 የተሠራ የዓሣ ማስገሪያና የእሽቅድድም ስኩነር (ባለ ሁለት ምሰሶ ሸራ መርከብ) ነው፤ ምስሉ በካናዳ የአሥር ሳንቲም ገንዘብ ላይ ይታያል። ሸራዎቹ በመርከቡ ርዝመት የሚዘረጉ ስለሆኑ በአግድም እንጨት ላይ ከሚሰቀሉት ይልቅ ገመዳቸው በጣም ያነሰ ነው። መድፍ የለውም። ይሁን እንጂ አካሉ ረጅም፣ መስመሩም ለስላሳ በመሆኑ የተጣመመ ጣውላ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል፤ እንግዲህ ከገመድ ያተረፉትን ጊዜ ለማስተካከልና ለማለስለስ መስጠት ግድ ይላል።

ከሁሉ ቀላል የሆኑት ክፍት ጀልባዎች ናቸው፤ እኔም ብዙ ጊዜ የማመዛዝነው ወደ እነሱ ነው። ሞዴል ሺፕዌይስ የተባለው የአሜሪካ አምራች አንድን ሠሪ ከጀልባ ወደ ጀልባ የሚያሳድጉ ሦስት ኪቶችን በቅደም ተከተል አዘጋጅቷል፦ ጠፍጣፋ ወለል ያላት የግራንድ ባንክስ ዶሪ በ1፡24፣ የኖርዌይ ባለ ሸራ ፕራም በ1፡12፣ በመጨረሻም የመስኮንገስ ቤይ የሎብስተር ማስገሪያ ጀልባ በ1፡24። ይኸው አምራች «ባውንቲ» የተባለውን የእንግሊዝ መርከብ ጀልባም በ1፡16 ያቀርባል፤ የመርከቡ ካፒቴን ብላይ እ.ኤ.አ. በ1789 ዐመፅ ከተነሣበት በኋላ ከ18 ሰዎች ጋር ከ6,500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ቲሞር የደረሰባት 7 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ጀልባ ናት። በክፍት ጀልባ ላይ ውስጡም ውጪውም ስለሚታይ የፈሰሰ ኮላ መደበቂያ የለውም። ይህ ግን ጥቅም ነው፤ ጥንቃቄን ከመጀመሪያው ቀን ያስተምራል፤ ሥራውም ከመሰላቸት በፊት ያልቃል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖር አንባቢ ሌላ አማራጭ አለ፤ እሱም ዳው የሚባለው የዐረቦች ባህላዊ ሸራ ጀልባ ነው። በኦማን ሱር ከተማ የዳው ሥራ ለረጅም ዘመን የኖረ ሙያ ሲሆን፣ ትልቁ «ፈትሕ አል ኸይር» እዚያው በየብስ ላይ ቆሞ ይታያል። ምጽዋንና አሰብን ከየመን ወደቦች ጋር ያገናኙ የነበሩት ሳምቡኮችም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ ስለዚህ ለእኛ ከኔልሰን መርከብ ይልቅ የቀረበ ታሪክ አላቸው። ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራና ጥቂት ወፍራም ገመድ ብቻ ስላላቸው የገመድ ሥራቸው አጭር ነው። እውነተኛውን ዕቃ ሄዶ ማየት፣ ጣውላው እንዴት እንደተገጣጠመ በቅርብ መመርመር መቻልም ከማንኛውም መመሪያ መጽሐፍ ይበልጣል።

ስኬል

ስኬል ከቦታ ጋር ብቻ ሳይሆን ከጣት ጋርም ይያያዛል። የቪክቶሪ የመድፍ ወለል ርዝመት 57 ሜትር ያህል ነው፤ በ1፡98 ሲሠራ 58 ሴንቲ ሜትር፣ በ1፡72 ደግሞ 79 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከፊት የሚወጣው ምሰሶና የኋላው ክፍል ሲጨመሩ ሞዴሉ ከዚህ ብዙ ይረዝማል። ቤቱ ጠባብ የሆነ ሰው ትንሹን መምረጡ አያስገርምም። ነገር ግን 1.70 ሜትር ቁመት ያለው መርከበኛ በ1፡98 ቁመቱ 1.7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድም የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ቀጥኖ ይገኛል። እንደዚህ ያለውን ክር ሁለት ሚሊ ሜትር በሆነ መዘውር ቀዳዳ ውስጥ ማሳለፍ ዓይንንም ወረንጦንም ይፈትናል። ስለዚህ ለጠባብ ቤት መፍትሔው ትልቅ መርከብን በትንሽ ስኬል መሥራት አይደለም፤ ትንሽ መርከብን በትልቅ ስኬል መሥራት ነው። 44 ሴንቲ ሜትር ያህል በሆነ ቦታ የባውንቲ ጀልባ በ1፡16 ይቆማል፤ መቀመጫውና መቅዘፊያው እያንዳንዱ በጣት የሚያዝ ይሆናል።

አምራቾች

በስፔን ኦክሬና አርቴሳኒያ ላቲና፣ በጣልያን አማቲ፣ ኮሬልና ማንቱዋ፣ በዴንማርክ ቢሊንግ ቦትስ፣ በብሪታንያ ካልደርክራፍትና ቫንጋርድ ሞዴልስ፣ በአሜሪካ ሞዴል ሺፕዌይስ የታወቁ ናቸው። በጥቅሉ ሲታይ የስፔኖቹ ለጀማሪ የተመቹ ናቸው፤ የአሠራሩን ደረጃ በፎቶግራፍና በቪዲዮ ስለሚያሳዩ ቋንቋ አያግድም። የጣልያኖቹ እንጨትና የብረት ጌጥ ያምራል፤ ጽሑፋዊ ማብራሪያቸው ግን ብዙውን ጊዜ አጭር ስለሆነ ንድፍ ማንበብ ለሚችል ሰው ይሻላሉ። ሞዴል ሺፕዌይስ ረጅምና ትዕግሥተኛ መመሪያ አለው፤ እንጨቱ ግን በጥፍር እንኳ የሚሰረጉድ ለስላሳ ባስውድ ስለሆነ ቀለም ለመቀባት እንጂ በተፈጥሮ መልኩ ለመተው ብዙም አያምርም። ካልደርክራፍትና ቫንጋርድ ለታሪካዊ ትክክለኛነት ይጠነቀቃሉ።

ከብራንድ ስም ይልቅ ሁለት ነገር ማጣራት ይጠቅማል። አንደኛው መመሪያውን ከግዢ በፊት ማንበብ ነው፤ ብዙ አምራቾች በድረ ገጻቸው ላይ በነጻ ያስቀምጡታል፤ ካነበቡት በኋላ የአካሉ ሥራ ካልገባ ኪቱም ሲመጣ አይገባም። ሁለተኛው በጣም ርካሽ ሆኖ የሚቀርበውን ኪት ንድፉ የማን እንደሆነ መጠየቅ ነው። የሌላውን ሠሪ ንድፍ ያለ ፈቃድ ቀድተው የሚሸጡ አሉ፤ ዓመታት ወስዶ ንድፉን ያወጣውን ሰው ድካም መቀማት ስለሆነ ከእነሱ ባይገዛ እመክራለሁ።

ኪት ወይስ ከባዶ? የአገር ቤት እንጨት ሲነጻጸር

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ ጥያቄ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ የሚከብድ ነው። ትናንሾቹ ኪቶች ከመቶ ዶላር ብዙም ባልራቀ ዋጋ ይገኛሉ፤ ትልልቆቹ ከሺህ ዶላር ያልፋሉ፤ በዚያ ላይ የመላኪያና የቀረጥ ወጪ አለ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ትንሹን ሣጥን በሻንጣው ሊያመጣ ይችላል፤ ስለት ያላቸው መሣሪያዎች ግን በእጅ ሻንጣ አይገቡም። ከባዶ መሥራት የሚያስፈልገው ንድፍ፣ እንጨትና ትዕግሥት ነው። ንድፍ አይቸግርም፤ ስዊድናዊው የመርከብ መሐንዲስ ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1768 ያሳተማቸው የብዙ መርከቦችና ጀልባዎች ንድፎች ዛሬ የሁሉ ንብረት ናቸው፤ ትናንሾቹን ጀልባዎች ከእነሱ መምረጥ ይቻላል። ተሻጋሪ ሳንቃዎቹን ከ3 ወይም ከ4 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ በእጅ መጋዝ መቁረጥ ይቻላል፤ የሌዘር መቁረጫ ያለው የማስታወቂያ ሥራ ቤት የሚያገኝ ሰው ደግሞ ትክክለኛ ቁራጭ ያገኛል።

እንጨቱን በተመለከተ ዝግባን አስቀድማለሁ። ቀለሙ ፈዛዛ ቢጫ፣ ሥሩ (የእንጨቱ መስመር) ደቃቅና እኩል ስለሆነ በትንሽ ስኬል ላይ ዓይን አያውክም፤ ለአካሉ ጣውላና ለላይኛው ወለል ይሆናል። ዋንዛ ለመላግ የተመቸና ቀለሙ የሚያምር ቢሆንም ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ በአንድ ሜትር ጠረጴዛ ላይ የሚያምረው ቀዳዳ በ1፡48 ሲታይ በመርከቡ ጎን ላይ የተቦረቦረ ጉድጓድ ይመስላል። ስለዚህ ለማስቀመጫ መደብና ለውስጥ ሳንቃ ቢውል ይሻላል። ወይራ እጅግ ጠንካራ፣ ከባድና ደቃቅ ነው፤ ስለትን ቶሎ ያደነዝዛል፤ ግን ለመዘውሮች፣ ለገመድ ማሰሪያ ካስማዎችና ለትናንሽ ቅርጻ ቅርጾች ቦክስውድ ለሚባለው የውጭ እንጨት ጥሩ ምትክ ይሆናል። ጽድ ሽታውና ቀለሙ ደስ ቢልም በሥሩ አቅጣጫ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ለቀጭን ጣውላ አላምነውም። ባሕር ዛፍ ስለሚጣመም ይቅር። ቀርከሃ ግን ትልቅ ዋጋ አለው፤ ተሰንጥቆ፣ ልዩ ልዩ ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች ባሉት ብረት ውስጥ እየተጎተተ ሲቀጥን፣ ጣውላን ከጎድን አጥንት ጋር የሚያያይዙት የእንጨት ምስማሮች ይሠሩበታል፤ በውጭ አገር ያሉ ባለሙያዎችም ለዚህ የሚመርጡት ቀርከሃን ነው።

ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ መቁረጣቸው የተገደበ የተፈጥሮ ደን ዛፎች ስለሆኑ እንጨቱን ከአናጺ ቤት ትርፍራፊ መፈለግ ተገቢ ነው፤ ለአንድ ጀልባ ጥቂት ክንድ ቁራጭ ይበቃል። ሲሰነጠቅ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ትልቁ ክብ መጋዝ የሚወስደው መስመር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ለ1.5 ሚሊ ሜትር ጣውላ የእጥፉን ያህል እንጨት ዱቄት ይሆናል፤ ለጣትም አደገኛ ነው። አናጺው በ4 ሚሊ ሜትር እንዲሰነጥቅ አድርጎ ቀሪውን በመላጊያ ማቅጠን የተሻለ ነው። እንጨቱ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆይ አየሩን ይለምዳል፤ በክረምት ተለጥፎ በበጋ የሚደርቅ ጣውላ ክፍተት ይከፍታልና።

መሣሪያ፣ ኮላና አጨራረስ

ለመጀመር ጥሩ ከተር፣ ትንሽ መጋዝ፣ ሞረድ፣ ወረንጦ፣ የእጅ መሰርሰሪያ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ብዙ የልብስ መቆንጠጫ ይበቃሉ፤ የኤሌክትሪክ መሣሪያ መግዛት ሊቆይ ይችላል። ለእንጨት ነጭ ኮላ ከሱፐር ግሉ ይሻላል፤ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል፤ ስሕተት ቢኖር በእርጥበት ይላቀቃል። ሱፐር ግሉ አንድን ጣውላ በቅጽበት ለመያዝ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የፈሰሰበት እንጨት ቫርኒሽ አይቀበልም፤ እዚያው ጠቆር ያለ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ብረትን ከእንጨት ጋር ለማያያዝ ኢፖክሲ ነው የሚመረጠው።

ሸራ መስቀል ወይም አለመስቀል የሠሪው ፈቃድ ነው። ብዙዎች ያለ ሸራ ይተዉታል፤ የተዘረጋ ጨርቅ የገመዱን ሥራ ስለሚሸፍንና የጨርቁ ድር ለስኬሉ ወፍራም ሆኖ ስለሚታይ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ገመድ ጨርሶ የማይፈልግ ሰው ደግሞ ምሰሶ የሌለው አካል ብቻ ሠርቶ ማቆም ይችላል፤ ከላይ የጠቀስኳቸው የባሕር ኃይል ቦርድ ሞዴሎች ብዙዎቹ ያለ ገመድ ነው የተሠሩት፤ ማንም ጎደሉ አይላቸውም።

የመስታወት ሣጥኑን ጉዳይ ከሥራው በፊት ማሰብ ያስፈልጋል። በገመዶች መካከል የገባ አቧራ በብሩሽ በደንብ አይወጣም፤ ስለዚህ ገመድ ያለበት ሞዴል ያለ ሣጥን መኖር የለበትም። መስታወት በቀላሉ አይጫርም፤ ግን ለትልቅ ሞዴል ክብደቱ ያስቸግራል፤ ፕላስቲኩ አክሪሊክ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግ ይጫራል፤ አቧራም ይስባል። የሞዴሉን ከፍተኛ ርዝመት፣ ቁመትና ወርድ ከአምራቹ መግለጫ ወስዶ በየጎኑ አምስት ሴንቲ ሜትር መጨመር፣ ከዚያም ሣጥኑ በሩ ውስጥ ማለፉንና በመደርደሪያው ላይ መቀመጡን በሜትር መለካት ከትእዛዙ በፊት መደረግ ያለበት ሥራ ነው።